የሻምበል ክራንቻ

ሻምበል ረቡዕ ጠዋት ሞቶ ተገኘ።

ሻምበል ጉማሬ ነው። ጉቲን አጠገብ፣ አንገር ወንዝ ላይ እሱን የሚያህል የለም፤ ሲያዛጋ ወንዙ ለአፍታ ቀጥ ይላል ይባላል። ከውሃው ወደ ሣሩ በሚወጣበት መንገድ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ ከታች የብረት ጦር ተተክሎ ነበር። ጉማሬ መንገዱን አይለውጥም። ሻምበልም አልለወጠም።

አንደኛው የታች ክራንቻው የለም። መንጋጋው በመጥረቢያ ተፈልጦ ከነሥሩ ተነቅሏል። ሌላኛው እንዳለ ነው።

ሬሳውን ያገኘችው ሲቲ ናት። ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ልጅ፣ የወንዙ አራዊት ጠባቂዎች ማኅበር ሰብሳቢ። ማኅበሩ ስድሳ አባወራ ነው፤ ኦሮሞውም ሰፋሪውም አለበት። ደመወዝ የለም፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ በተራ ይጠብቃሉ። በአምስት ዓመት አንድም ጉማሬ አልተገደለባቸውም ነበር።

ሲቲ ለወረዳው ደወለች፤ የመጣው መልስ አጭር ነው። እስከ ዓርብ ገዳዩ ካልታወቀ ጥበቃው ከማኅበሩ ይነሳል፤ የወንዙ ዳርቻም ለእርሻ ይሰጣል።

ሲቲ ስልኩን ዘጋች። ውሃው ውስጥ የቀሩት አሥራ አንዱ ጉማሬዎች ጆሯቸውን ያራግባሉ።

እኩለ ቀን ላይ ኢንስፔክተር ሞረዳ ከነቀምት በሞተር ሳይክል ደረሰ። የመንገዱ አቧራ ቅንድቡን አሸብቶታል።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ሲቲ?»

«ደህና ነኝ ልል ነበር፣ ኦቦ ሞረዳ። ወላሂ አቃተኝ።»

ሞረዳ ሬሳው አጠገብ ተቀመጠ። የቀረውን ክራንቻ ለካ፤ ከድድ በላይ ስንዝር ከሁለት ጣት። ከዚያ የበቆሎ አገዳ አንስቶ ክራንቻው በተነቀለበት ቀዳዳ ውስጥ ሰደደው። እሱም ስንዝር ከሁለት ጣት። ደብተሩ ላይ ጻፈና ኪሱ ከተተው። ለማንም አላሳየም።

ወደ ማኅበሩ ቢሮ ገብቶ መጀመሪያ የጠራው ቢረሳውን ነው። ቢረሳው የማኅበሩ ጠባቂ ነው።

«ጦሩ የማነው?»

«የኔ።»

«ጉድጓድ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«እኔም እሱኑ ልጠይቀው ነበር።»

«አትቀልድ።»

«ጌታዬ፣ በረንዳዬ ላይ ነው የሚውለው። ያገኘ ያነሳዋል። ባለፈው ሳምንት የሠርግ ድንኳን ወጥረውበት ነበር።»

«የሻምበል ክራንቻ ምን ያህል ነበር?»

«ኧረ ተወኝ! ሁለት ጎረምሳ ቢንጠለጠልበት አይነቃነቅም።»

ቀጥሎ ገበሬው ጂሩ ገባ። ሻምበል በቆሎውን ስለበላበት ገበያ መሃል ቆሞ «እገድለዋለሁ» ብሎ ነበር። መቶ ሰው ሰምቶታል።

«ብለሃል?»

«ዱጋ ነው፣ እውነት ነው፣ ብያለሁ።»

«ገደልከው?»

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ አማቴንም እገድላታለሁ ካልኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ጉቴ ከተማ እሷው ቤት ነበርኩ፤ አሁን መግባቴ ነው። ደውልላት። እሷ ለኔ ብላ አትዋሽም።»

ሞረዳ ደወለ። አማትየው ጂሩን እስኪበቃት ሰደበች። አየር ስትስብ ብቻ፣ አዎ፣ እዚሁ እየበላ ነበር አለች።

«ክራንቻውስ ምን ያህል ነበር?»

ጂሩ እጆቹን ዘረጋ። አልበቃውም። «እንደ ቀንበር!»

ሦስተኛው ዓሣ አጥማጁ ጫንያለው ነው። ከጉቲን እስከ ነቀምት ወሬ በማጋነን የሚስተካከለው የለም። አንድ ጊዜ የያዘው አምባዛ ጭንቅላቱ ዲዴሳ ወንዝ ሲደርስ ጅራቱ ገና አንገር ነበር። ዛሬ ግን ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ተማሪ ተሰብስቦ ተቀምጧል።

«ጋሽ ጫንያለው፣ ትናንት የት ነበርክ?»

«ቤቴ።»

«የሰማኸው ነገር አለ?»

«ምንም።»

«ክራንቻውስ ምን ያህል ነበር?»

«ሰው ያጋንነዋል እንጂ ያን ያህልም አይደል። አንድ ክንድ ከአራት ጣት ነው።»

የሞረዳ እስክሪብቶ ቆመ። በሩ ላይ የቆመችው ሲቲም ቀና አለች። ይህ ሰው ሲቀንስ ሰምታ አታውቅም።

«ከአራት ጣት?»

«አዎ። አምስት አይሞላም።»

ሞረዳ ደብተሩን አወጣ። «ጋሽ ጫንያለው፣ ከድዱ ውጭ የሚታየው ስንዝር ከሁለት ጣት ነው። ያንኑ ያህል መንጋጋው ውስጥ ተቀብሯል። ሁለቱን ስደምር አንድ ክንድ ከአራት ጣት መጣልኝ። ሥሩን ያየ የነቀለው ሰው ብቻ ነው።»

ጫንያለው ባርኔጣውን አዞረ።

«ሌላው ሰው ሁሉ አጋነነ» አለ ሞረዳ። «አንተ ለካህ።»

ክራንቻው ከዓሣ መረቡ ሥር ተገኘ። በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ዘይት ተቀብቶ።

«ልትሸጠው ነው?»

«እኔ ነጋዴ ነኝ እንዴ?» ጫንያለው ተቆጣ። ቀጥሎ ድምፁ ወረደ። «ድሮ ከነቀምት እንግዳ ሲመጣ እኔ ጋ ነበር የሚቀመጠው። ዓሣ እየጠበስኩ አወራለሁ፣ ይስቃል፣ ይመሻል። ማኅበሩ ከቆመ ወዲህ እነ ሲቲ በቀጥታ ወንዝ ያወርዱታል። ሻምበል ያዛጋል፣ እንግዳው ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። ጉማሬ ወሬዬን ቀማኝ። አንድ እውነተኛ ወሬ ይኑረኝ አልኩ። ማስረጃ ያለው።»

«ለማን ልታወራው?»

ጫንያለው ብዙ አሰበ። «እሱን አላሰብኩበትም።»

ዓርብ ስድሳው አባወራ ወንዝ ዳር ተሰበሰበ። ከወረዳ የመጣው ሰው ክራንቻውን አገላብጦ አየ፤ አልረካም።

«ይህ ሰው በውሸት የታወቀ ነው ብላችሁኛል። ጥበቃው እንዳይነሳባችሁ እሱ ላይ ለጥፋችሁ ቢሆንስ? ከራሱ አፍ ልስማ።»

ጫንያለው በካቴና ተነሳ። ዙሪያውን አየ። የሚያስል የለም። ስልክ የሚነካካ የለም። ስድሳ አባወራ እሱን ብቻ ያያል። ፊቱ በራ።

«እንግዲህ» ብሎ ጀመረ፣ «በዚያ ምሽት ሰባት ጉማሬዎች እንደ ወታደር ተሰልፈው...»

የወረዳው ሰው ፋይሉን ዘጋ።

«ጋሼ ጫንያለው» አለች ሲቲ። አልጮኸችም። «ጉማሬው አንድ ነው።»

ጫንያለው ዞሮ አያት። ወንዙን አየ።

«አንድ ነው» አለ። «ጦሩን ከቢረሳው በረንዳ አነሳሁ። ጉድጓዱን ጠባቂዎቹ ወደ ላይኛው መታጠፊያ ሲሄዱ ቆፈርኩ። ሊመሽ ሲል መጣ። እንደ ሁልጊዜው፣ በዚያው መንገድ። ሲወድቅ የጮኸውን ግን አላወራም። አልችልም።»

ተቀመጠ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

የወረዳው ሰው ፋይሉን ከፈተ። ጥበቃው በማኅበሩ እጅ ይቆያል ብሎ ጻፈ፣ ፈረመ። ሞረዳ ጫንያለውን በክንዱ ይዞ ከነቀምት ወደ መጣው የፖሊስ መኪና ወሰደው።

ሲቲ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ የቅዳሜን ተረኞች ጠራች።