ሊቀ መንበሩ ቆመው ሳሉ የተነፋ ጥሩምባ

ሰኔ ፲፰ ቀን ፳፻፱ ዓ.ም.፣ እሑድ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ የቀበና ወንዝ ዳር እድር ሊቀ መንበር አቶ በርናባስ፣ ስልሳ ሦስት አባወራ በተቀመጠበት ጉባኤ፣ በዕድሜ ታላቃቸው የሆነውን ጥሩምባ ነፊ በዳዳን፣ «አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው ሳንባውን እንጂ ሐሳቡን ማንም አይጠይቀውም፤ ቁጭ በል» አሉት፤ ጉባኤውም ሳቀ። ማን ጮክ ብሎ እንደሳቀ፣ ማን በጋቢው ጫፍ አፉን እንደሸፈነ፣ በዳዳ ከነመቀመጫቸው ያውቃል። ያነሣው ነገር ቀላል ነበር፤ ክረምቱ ሳይብስ የወንዙ ዳር ቤተሰቦች ወዴት እንደሚሸሹ ይወሰን ነው ያለው።

ነሐሴ ፲፬ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቀበና ላይ ፀሐይ ወጥታ ሳለ የእንጦጦ ራስ ጠቁሮ ነበር። በዳዳ እዚያው እንጦጦ ላይ ገብስ ሲያርስ ያደገ ነውና፣ ድልድዩ ላይ ቆሞ ወንዙን አየ፤ ውሃው ቀልቷል፤ የባሕር ዛፍ ቅርፊትና ከነሥሩ የተነቀለ ግንድ ይዞ ይወርዳል። ከኋላ የሚመጣው ገባው፤ ሩብ ሰዓት ቢቆይ ነው።

ሽቅብ ሮጠ። አቶ በርናባስ የሦስት ቀን የአመራር ሥልጠና ወስደው በተመለሱ ማግስት፣ ጉብታው ላይ ባለው ቤታቸው በረንዳ ኮሚቴውን ሰብስበው ነጭ ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ።

«ጌታዬ፣ ጎርፍ እየመጣ ነው፤ የታችኞቹ ይውጡ።»

«ተረጋጋ በዳዳ። ጫና ውስጥ ያለ መሪ መጀመሪያ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ ቀጥሎ አማራጮቹን ይዘረዝራል፤ ከዚያ ባለድርሻ አካላትን ያማክራል። እኛ ገና ሁለተኛው አማራጭ ላይ ነን።»

«ውሃው አራተኛው ላይ ደርሷል።»

«ሳንባህን አሳርፍ» አሉና ወደ ሰሌዳቸው ዞሩ።

ቁልቁል ወርዶ «ጎርፍ» እያለ በየደጁ ጮኸ፤ የወጣ የለም። ደጇ ላይ ልብስ የምታጥበው ዘሀራ ብቻ ቀና ብላ፣ «ጋሽ በዳዳ፣ ጎርፍ እንደሆነ በየክረምቱ ይባላል፤ ይቺን ብርድ ልብስ ልጨርስ» አለችው።

ያለ ሰሌዳ ያሰበው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሕዝብ ለጎርፍ አይወጣም፤ ለሞት ግን ይወጣል፤ ጥሩምባ ሰምቶ የቀረ ይቀጣል፤ ከቅጣቱም ሐሜቱ ይብሳል። እንግዲያው ሰው መግደል ሊኖርበት ነው። ማንን? ራሱን ቢገድል ስድስት ሰው ቢመጣ ነው፤ እነሱም «ታዲያ ጥሩምባውን ማን ነፋው?» ይላሉ። ሟቹ የተከበረ፣ ቤቱም ከፍታ ላይ የሆነ መሆን አለበት። እዚህ ሐሳብ ላይ ሲደርስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለው።

ነፋ።

«እድርተኛ ስማ፤ ሊቀ መንበራችን አቶ በርናባስ በድንገት አርፈዋል፤ አሁኑኑ፣ ሁላችሁም፣ ከነልጆቻችሁ ወደ ቤታቸው።»

በሮች ተበረገዱ፤ ነጠላ ተዘቀዘቀ፤ ዘሀራም ብርድ ልብሷን ጥላ እሪ አለች፤ መራመድ ያቃተው ሽማግሌ ሳይቀር ታዝሎ ወጣ። በዳዳ ቤት ለቤት እየፈተሸ ከኋላ ተከተለ።

ለቅሶው ጉብታው ላይ ሲደርስ፣ አቶ በርናባስ ማርከራቸውን እንደያዙ በራቸው ላይ ቆመዋል። ዘሀራ ደረቷን ልትመታ ያነሣችው እጅ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ሞተው የለም እንዴ?»

«ማነው ያለው?»

መልሱ ከታች መጣ፤ ወንዙ ግንዱን እየወረወረ የስምንት ቤት ግድግዳ ሲያፈርስ ጉብታው ተንቀጠቀጠ። ሰው ተቆጠረ፤ አንድም አልጎደለም። ዘሀራም፣ «እንግዲህ የዛሬውን እንባ በሌላ ጊዜ ያስቡልኝ» አለቻቸው፤ ለቀስተኛው እየሳቀ ሟቹን ተራ በተራ ጨበጠ።

መስከረም ፲፬ ቀን ፳፻፲ ዓ.ም. ቃለ ጉባኤው ተነበበ፤ «በሊቀ መንበሩ ፈጣን ውሳኔና ሳይንሳዊ አመራር የሰው ሕይወት ሊተርፍ ችሏል» ይላል፤ ስለ ጥሩምባ አንድ ቃል የለውም። ብዕር የያዘ እጅ የሚያስታውሰው የተቀመጠበትን በረንዳ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ግን እስከ ዛሬ ሲጫወቱ አንዱ ይሞታል፣ አንዱ ይነፋል፣ ሁሉም ሽቅብ ይሮጣል።

አቶ በርናባስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጋሽ በዳዳ» አሉ፤ ጋሽ ሲሉት ይህ የመጀመሪያቸው ነው፤ «የሚጨምሩት ሐሳብ ይኖርዎታል?»

ስልሳ ሦስቱ አባወራ ዞሮ አየው። በዳዳ በረጅሙ ተነፈሰ፤ ጥሩምባውን ብብቱ ሥር አደረገና ወጥቶ ሄደ።