የሉማሜው ዘይት ቅያሪ

አቶ አወቀ የሞተው በገዛ ግቢው፣ በገዛ ፒክአፑ ሥር ነው። ስለ መኪና የሚያውቀው በስልክ ካየው ቪዲዮ አያልፍም ነበር፤ ቢሆንም ጋራዥ ወስዶ ዘይት የሚያስቀይረውን ሁሉ እንደ ቂል ይቆጥር ነበር። ከሻንሲዋ ሥር ግንድ መደገፍ የፈሪ ሥራ መሰለው። መኪናዋን በአንድ ክሪክ ብቻ አንሥቶ ከሥሯ ገባ፤ ክሪኩ ወረደ፣ ፒክአፗም ደረቱ ላይ ተቀመጠች።

የሉማሜ ፖሊስ ደግሞ ከሟቹ የባሰ ነበር። ክሪኩን ያዋሰው ጎረቤቱ መካኒኩ ደመላሽ ነው፤ ሁለቱ ከቀናት በፊት በሰው ፊት ተጣልተዋል። ከዚያ በላይ ማሰብ ስለደከማቸው ደመላሽን አሰሩት። ሬሳ ሲያይ ብቻ ፍትሕ የሚናፍቀው ያገሩ ሰውም ጋራዡን ላቃጥል ብሎ ተነሣ። የደመላሽ ሚስት የኔዓለም የምሳ ዕቃዋን ይዛ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ቀረች። ከደብረ ማርቆስ ኢንስፔክተር ሰገነት ካሴ የተጠራችው ያኔ ነው። ሰገነት ቂልን የማትታገሥ፣ ንቀቷንም ለመደበቅ የማትደክም ሴት ናት።

«ክሪኩ ተንሸራቶ ነው፤ የተበላሸ አውሶት» አለ ሳጅን አበባው፣ ግቢው ውስጥ ሲቀበላት።

ሰገነት ክሪኩን አገላብጣ አየችው። «ከናንተ ይህን የነካው አለ?»

«የለም። መኪናዋን በእጃችን ነው ያነሣናት።»

«እንግዲያው ተመልከት። ማውረጃው ተፈቷል። ሰው ነው ፈትቶ ያወረደው። ከሥር የተኛ ሰው እጁ እዚህ አይደርስም።»

«እኛ እኮ አላየነውም።»

«ማየትማ ሥራ ይጠይቃል። ዘይቱን ቀይሮ ጨርሶ ነበር?»

«ጨርሷል እንጂ! አሮጌው ዘይት ያው ዳር ላይ በሳፋ ተቀምጧል። የአዲሱ ጣሳም ባዶውን ወድቋል።»

«ታዲያ መኪናዋን ለምን አላራቃችኋትም?»

«ቁልፉን ልሰካ ስል የሟቹ ወንድም መሳፍንት ከአጥሩ በኩል ‹እንዳታስነሣ! ሞተሩን ትገለዋለህ!› እያለ ሮጦ መጣና ነጠቀኝ። ከደጀን መድረሱ ነበር። ኀዘን ነው፣ ምን ይደረግ። ቁልፉን ወዲያው ተቀብዬ በሩን ቆለፍኩት፤ ከዚያ ወዲህ ከኪሴ አልወጣም።»

«አንድ ነገር እንኳ በትክክል ሠርተሃል» አለችና ቁልፉን ተቀበለችው።

ኮፈኑን ከፈተች። የዘይት መጨመሪያው ክዳን ላይ የተኛው አቧራ የጣት ምልክት እንኳ አልነበረበትም። መለኪያውን መዝዛ ጠረገችው፤ አስገብታ ደግማ መዘዘችው፤ ደረቅ ነው። ከዚያ የፒክአፗን በር ከፍታ ከወንበሩ ሥር በጨርቅ የተሸፈነ ነገር አየች፤ ጨርቁን ገልጣ አየችና መልሳ ሸፈነችው። በሩን ቆለፈች። ሳጅኑ ይህን ሁሉ ጊዜ ስልኩን እየነካካ ነበር።

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ሥራነሽ ሻይ ቤቷን ዘግታ ኀዘን ተቀምጣለች። ቁጣዋ ከእንባዋ ቀደመ።

«ባለቤቴ ዘይት በጣሳ ሲያንቆረቁር ግማሹን ሞተሩ ላይ ይደፋዋል። በሞተበት ጠዋት ደግሞ የሻይ በራዴን አጣሁት። ደንበኛ ፊት ምን ያህል አፈርኩ መሰለዎት!»

«መሳፍንትስ? ከወንድሙ ጋር እንዴት ነበሩ?»

«መኪናዋን ይነዳ የነበረው እሱ ነው። ዘይቷን ሳያይ ነድቶ የፊተኛውን ሞተር አቃጠለው። ባለቤቴ አዲስ ሞተር አስገጠመና ‹ከእንግዲህ አትነካትም፣ ሌላ ሹፌር እቀጥራለሁ› አለው። የዚያን ቀን ፊቱን ባዩት!»

ሰገነት ወደ ጣቢያው ሄዳ ደመላሽን አስጠራች።

«በምን ተጣላችሁ?»

«‹ሞተሩ ለብ ሳይል አታፍስስ፤ በክሪክ ብቻ አትግባ› አልኩት። ‹ገበያ ቀርቶብህ ነው› አለኝ። ሰደብኩት፤ እውነት ነው።»

«ሳፋው ሙሉ፣ ጣሳው ባዶ፣ የማፍሰሻው ቡሎን የታሰረ መኪና ብታይ ምን ትላለህ?»

«ዘይት ገብቶላታል እላለሁ። ሌላ ምን እላለሁ?»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ደመላሽ በካቴና፣ ሚስቱ ከጎኑ፣ ሥራነሽ በጥቁር ልብስ። መሳፍንት ለወንድሙ ለቅሶ የተዋሰውን ኮት ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እንደ ግቢው ጌታ ቆሟል።

«ክሪኩ አልተንሸራተተም፤ አውርደውታል» አለች ሰገነት። «ሰው ገዳዩ እዚህ ነበር ማለት ነው። አወቀ አሮጌውን ዘይት አፍስሷል፣ ፊልትሮውን ቀይሯል፣ ቡሎኑን ሲያጠብቅ ሞቷል። አዲሱን ግን አልጨመረም። የክዳኑን አቧራ የነካ የለም። ይህን ሳጅኑ አላወቀም፤ መካኒኩም ከጣሳው ተነሥቶ ሲገምት ተሳሳተ። አንድ ሰው ብቻ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ሞተሩ ባዶ መሆኑን ያውቅ ነበር።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ መሳፍንት ዞሩ።

«ገምቼ ነው!» አለ። «ዘይት የሚቀየርላትን መኪና ማን በዘፈቀደ ያስነሣል?»

«አንተ ገምተህ?» ሰገነት ሳቀችበት። «ሞተር ያለ ዘይት የሚነዳ ሰው? አንተ ስለ ሞተር ምን ታውቃለህና! ጣሳው ባዶ ነው። ወንድምህ እንደ ልማዱ አፈሩ ላይ ደፍቶት ይሆናል።»

የመሳፍንት ፊት ቀላ። በነፍስ ግድያ ሲጠረጥሩት ያልተነካው ሰው በሹፌርነቱ ሲንቁት አልቻለም።

«አልደፋውም! ከጣሳው ወደ በራዱ ገልብጦታል! ለአዲስ ሞተር የሚሆን ዘይት መሬት ሲደፋ ዝም ብዬ የማይ ይመስልሻል?»

«የኔ በራድ?» አለች ሥራነሽ።

ሰገነት የፒክአፗን በር ከፍታ ከወንበሩ ሥር ያለውን ጨርቅ ገፈፈችው። በራዱ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ዘይቱ ንጹሕ ነው። «መኪናዋ ከተቆለፈች ወዲህ ይህን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ያየው ወንድምህን የገደለው ሰው ብቻ ነው። ከደጀን አልመጣህም፤ ከአጥሩ ዞረህ ነው የመጣኸው። ሳጅን፣ ካቴናውን ከአንዱ ፍታና ለሌላው እሰርለት። ይህ እንኳ አይከብድህም።»

ደመላሽ እጁ ሲፈታ ሚስቱ ክንዱን ያዘችው፤ ሁለቱም በራፉን እስኪወጡ ወደኋላ አላዩም። ጋራዡን ላቃጥል ብሎ የነበረው ጎረቤት ሁሉ አሁን «እኛማ ጠርጥረን ነበር» ይል ጀመር።

ሥራነሽ ወደ መሳፍንት ቀረበች። «ስታወርድበት ስምህን ጠራ?»

መሳፍንት እሷን አላያትም። ዓይኑ ሰገነት በያዘችው በራድ ላይ ነበር።

«ክደኚው» አላት፤ «አቧራ ይገባበታል።»