ለሙዝ የተነፈገ አንሶላ

በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የምትሠራ ሴት ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የበሽተኛ አንሶላ ስትዘፈዝፍ፣ ስትፈትግና ስታሰጣ አፍንጫዋን ይዛ አታውቅም። ያስጸየፋት የአንሶላ ቆሻሻ ሳይሆን አንድ የብርድ ወቅት ያሳያት የሰው ጉድ ነው።

በመኖሪያው ጓሮ ትንሽ የአትክልት ቦታ አለ። ያለሙት ከነዋሪዎቹ አንዱ፣ ሁሉም «መካኒኩ» የሚሏቸው ሽማግሌ ናቸው። ትውልዳቸው ቆላ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ወደ መኖሪያው ሲገቡ የያዙት አንድ ሻንጣና በባልዲ ያለ የሙዝ ችግኝ ብቻ ነበር። በዚህ ብርድ ሙዝ አይበቅልም ያሏቸው ሁሉ ኋላ አፋቸውን ያዙ። ሙዙ ተራባ፣ አራት ፓፓያ ተጨመረ፣ ሦስት ማንጎም በጣሳ በቀለ። ከማንም ጋር የማይነጋገሩ አዛውንቶች እንኳ ከምሳ በኋላ ጥላው ሥር ተቀምጠው የትኛው ፓፓያ ቀድሞ እንደሚበስል ይከራከሩ ነበር።

ምስጢሩ ሌላ አልነበረም። ብርዱ ሲመጣ መካኒኩ ተክሎቹን በአሮጌ ጨርቅ ይሸፍናሉ።

በዚያ ዓመት ግን ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ክፍላቸው ሲጸዳ፣ ያጠራቀሙት ጨርቅ ሁሉ ቆሻሻ ነው ተብሎ ተቃጠለ። ተመልሰው ከአልጋ ሳይነሱ የብርዱ ወር ገባ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አጣቢዋ አንሶላ ልትቀይርላቸው ገባች። በመስኮት ሰማዩን ሲያዩ አገኘቻቸው። ደመና የሚባል የለም፤ ነፋሱም ጸጥ ብሏል።

«ልጄ፣ ዛሬ ሌሊት አመዳይ ይወርዳል» አሏት። «አደራሽን፣ ተክሎቹን አልብሺልኝ።»

እንዴት እንደሚደረግም አስረዷት። አፈሩ አሁኑኑ ውኃ ይጠጣ፣ እርጥብ መሬት ሙቀት ይይዛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨርቁ እስከ መሬት ድረስ ይውረድ፣ ከአፈሩ የሚወጣው ሙቀት እንዳያመልጥ። ላስቲክ ቅጠሉን እንዳይነካ፣ የነካውን ያቃጥለዋል። ጣሳዎቹ ወደ ኮሪደር ይግቡ። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ሁሉም ይገለጥ።

አጣቢዋ በቀጥታ ወደ ንብረት ክፍል ሄደች። እዚያ የሚወገዱ ተብለው የተከመሩ የተቀደዱ አንሶላዎች እንዳሉ ታውቃለች። ኃላፊው ለውዝ እየፈለፈለ ገለባውን ወለሉ ላይ ይተፋል።

«እህቴ፣ ተክል ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አንሶላ የሚለብሰው?» አላት። «የሚወገድ ንብረት የሚወጣው ኮሚቴ ሲወስን ነው።»

«ኮሚቴው መቼ ነው የሚሰበሰበው?»

«ሲሰበሰብ።»

ሥራ አስኪያጁ ዘንድም ገባች። እሱ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ ቅጠል እንደሆነ ቢሞትም ዝናብ ሲመጣ ይበቅላል ብሎ አሰናበታት። እየተራገመች ወደ ማጠቢያዋ ተመለሰች። ገመዱ ላይ አርባ አንሶላ ደርቆ ተሰቅሏል። አንድ በአንድ አጣጥፋ መደርደሪያ ላይ ቆለለችው። እነዚህን ለተክሎቹ ባለብስስ የሚል ሐሳብ ሽው ብሎባት ነበር። ግን ጭቃ ይነካቸዋል፣ ነገ ደግሞ ማን ያጥባቸዋል? የመውጫ ሰዓት ደርሷል። በሩን ቆልፋ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ሮጠች። ጣሳዎቹን እንኳ አላስገባችም።

በማግስቱ ስትመጣ ሣሩ ጨው የተበተነበት ይመስል ነጥቷል። የሙዙ ቅጠል መስታወት መስሎ ቆሟል። ፀሐይ ስታገኘው ጠቆረ፤ እንደ እርጥብ ቡትቶም ተንጠለጠለ። ማንጎዎቹ ጣሳቸው ውስጥ ቀንበጣቸውን ደፍተዋል።

ንጹሕ አንሶላ ታቅፋ ወደ መካኒኩ ገባች። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ስለ ንብረት ክፍሉ፣ ስለ ኮሚቴው፣ ስለ ሥራ አስኪያጁ ነገረቻቸው። አቋርጠዋት ዘወር አሉ።

«አሁን በእጅሽ የያዝሽው ምንድን ነው?»

«አንሶላ ነው፣ አባባ።»

ፊታቸውንም መልሰው ወደ ግድግዳው አዞሩ። እሷም አልጋውን አነጠፈች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የተጸየፈችው የንብረት ክፍል ኃላፊውንና ለውዙን ነበር፤ አሁን ግን የገዛ እጇ ቀፈፋት።

በሳምንቱ ፓፓያዎቹ ከጫፋቸው ሟሙ። ግንዳቸው ሲነካ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ያወጣል፤ ዝንቡም ግማቱም ጓሮውን ሞላው። አዛውንቶቹ መስኮት ዘግተው ክፍላቸው ዋሉ። ኮሚቴው የተሰበሰበው ይሄኔ ነው። አጣቢዋ የሚወገዱትን አንሶላዎች ክምር ከንብረት ክፍሉ እንድታወጣ ተጠራች። ከላይ ያለው አንሶላ ሲነሳ የአይጥ ሽንት ሽታ ሁሉንም ወደ ኋላ መለሳቸው። ከሥሩ ጸጉር ያላበቀሉ የአይጥ ግልገሎች በተቦጫጨቀው ጨርቅ ውስጥ ይርመሰመሳሉ።

ኃላፊው አፍንጫውን ይዞ፣ «እባክሽ አንቺ አንሺው» አላት።

«ከሙዙ የቆጠብነው ለዚህ ነው» አለችው። «አንተም ቆጠብክ፣ እኔም ቆጠብኩ። በል፣ በዚያ በኩል ያዝ።»

ሰውየው እጅጌውን ሰብስቦ ያዘ። ተሸክመው ሲያወጡ ሁለት ጊዜ አስመለሰው።

ሥራ አስኪያጁ ግማቱ እንዲጠፋ ሁሉም ከነሥሩ እንዲነቀል አዘዘ። መካኒኩ ግን ብርዱ ሳይወጣ ሙዙን እንዳይነኩት ለምነው ነበር፤ የጠቆረው ቅጠል ሥሩን ያለብሰዋል፣ ሥሩ ደግሞ ምናልባት አልሞተም። አጣቢዋ ይህን ነግራ ፓፓያዎቹ ብቻ እንዲነቀሉ አስፈቀደች። በዚያው ከሰዓት ከማጠቢያዋ ስድስት አንሶላ አወጣች። ማንንም አልጠየቀችም። ኃላፊው አራት ችካል ይዞ መጣና ከእሷ ጋር ወጠረ። ብርዱ እስኪወጣ አመሻሹ ላይ አለበሱ፣ ጠዋት ገለጡ።

ማንጎውም ፓፓያውም አልተረፈም። ብርዱ ሲወጣ ከሙዙ ሥር ሁለት አረንጓዴ ቀንበጥ ብቅ አለ። መካኒኩ በተሽከርካሪ ወንበር ወጥተው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። አጣቢዋ ይቅርታ ስትጠይቃቸው፣ ይቅር ብያለሁ፣ ግን ፓፓያው የዓይናችን ማረፊያ ነበር አሏት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጣታል።

እናንተም በግቢያችሁ የሙቀት አገር ተክል ካላችሁ፣ ሰማይ ጠርቶ ነፋስ ጸጥ ያለበትን ቀን አትናቁ። አመዳይ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ይወርዳል። ጨርቁን ታቅፎ «የኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ወደ ቤት መግባት ግን ጥፋት ነው፤ ሽታውም ከፓፓያው ግማት ይልቅ የማይለቅ ነው።