አምስቱ የወይን ግንዶች

ሳምራዊት ስድስተኛው እርከን ላይ ስትደርስ ቆመችና አንድ ቅጠል ቀጠፈች። ገለበጠችው፣ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ አየችው፣ መልሳ ገለበጠችው። ቦርሳዋን ተሸክማላት ከኋላዋ ትወጣ የነበረችው ኡርጂም ቆመች። ከኡርጂ ኋላ ደግሞ አባቷ ለሜሳና ሌሎቹ የወይን ማኅበሩ ገበሬዎች እያለከለኩ ቆሙ። አቀበቱ ቀልድ አያውቅም። እርከኖቹ ከወይብ ወንዝ ዳር ተነስተው እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ሃያ ሦስት ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመውጣት ጉልበትን በእጅ መደገፍ የግድ ነው።

ደህና የወይን ቅጠል የአዋቂ መዳፍ ያህላል። ሳምራዊት የያዘችው ግን ጠቦና ተጨማዶ የዶሮ እግር መስሏል። ለምለሙ ቀንበጥ ተጠማዟል፤ ገና ሽምብራ ያላከሉት ፍሬዎች ጠቁረው ሲነኳቸው ይረግፋሉ። ከላይ እስከ ታች፣ የአሥራ አንዱም የማኅበሩ ቤተሰቦች ወይን እንዲሁ ነው። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊለቀም ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ድንጋይ የተሸከሙለት፣ ውሃ ከወንዝ እየቀዱ ያጠጡት ወይን ነው።

ሳምራዊት የአትክልት ባለሙያ ናት። ከሮቤ ጎሮ ድረስ በሚኒባስ፣ ከጎሮ ወዲህ ደግሞ በእግሯ ነው የመጣችው። ቅጠሉን ለለሜሳ ሰጠችው።

«በሽታ አይደለም» አለች። «የአረም መድኃኒት ነው። ስንዴ ላይ የምትረጩት ቱፎርዲ። ወይን እሱን ጠብታውንም አይችልም።»

ይድን እንደሆነ ጠየቋት። የዘንድሮው ፍሬ አለቀለት አለች፤ ሥሩ ይዳን አይዳን ግን ዓመት ሳይሞላ ቃል መስጠት አልደፈረችም። የሁሉም ዓይን ቀስ በቀስ ወደ ላይ፣ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደ። እዚያ የኦቦ አብዱልሃኪም ስንዴ አለ።

ኦቦ አብዱልሃኪም የዙሀይራ አባት ናቸው። ዙሀይራ ደግሞ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከኡርጂ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠች ጓደኛዋ ናት። ማኅበሩ ሲቋቋም እሳቸውም ተጠይቀው ነበር። ወይኑ ለመጠጥ ፋብሪካ እንደሚሸጥ ሲሰሙ «ለእናንተ አላህ ያሳካላችሁ» ብለው በስንዴያቸው ቀሩ። ጠብ አልነበረም። እንዲያውም የእርከኑ ድንጋይ ግማሹ ከእሳቸው ማሳ ጠርዝ የተለቀመ ነው። ያን ቀን ግን ድንጋዩን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። አንዱ በዚያው ሰሞን ሲረጩ እንዳያቸው ተናገረ፤ ሌላው ከመጀመሪያውም ወይኑን እንዳልወደዱት አከለበት።

ሳምራዊት ግን ወደ ለሜሳ ዞረች። ለወይኑ ሻጋታ ድኝ የረጩበት የማኅበሩ መርጫ ስንዴ ላይ ውሎ እንደሆነ ጠየቀችው፤ ለወይኑ የብቻው መርጫ ይኑራችሁ ብላ ባለፈው ዓመት አስጠንቅቃ ነበር።

«የኔን ስንዴ ረጭቼበታለሁ» አለ ለሜሳ ሳይደብቅ። «ግን ልጄ በኦሞ ሦስቴ አጥባ፣ ውሃ ሞልታ አሳድራዋለች። አይደል ኡርጂ?»

ሁሉም አዩዋት።

«አዎ» አለች።

ሳምራዊት እጇን ልትታጠብ ፈለገችና ኡርጂን ለውሃ ላኳት። ኡርጂ ጀሪካኑን ይዛ እየሮጠች ወረደች፤ ከዚያ መራቅ ነበር የፈለገችው። ወንዙ ዳር፣ ከትልቁ ቋጥኝ ጀርባ፣ ከታችኛው እርከን ጥግ ስትደርስ ግን ቀጥ አለች። አምስት የወይን ግንዶች ጤነኛ ሆነው ቆመዋል። ቅጠላቸው ሰፊ ነው፤ ዘለላቸው አረንጓዴ ነው።

ወይኑ ድኝ በተረጨ ዕለት ማታ አባቷ ሲገባ ያለው ነገር ትዝ አላት። ተራው የእሱ ስለነበር የሁሉንም ወይን የረጨው እሱ ነው። «አምስት ግንድ ሲቀረኝ አለቀብኝ፤ ነገ እጨርሳቸዋለሁ» ብሎ ነበር። በማግስቱ ዘነበ፤ ከዚያም ተረሱ። ያ መርጫ ያልነካቸው እነዚህ አምስቱ ብቻ ናቸው።

ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ዙሀይራ መንገድ ላይ ቆማ እየጠበቀቻት ነበር፤ ጎሮ ወርደው ለትምህርት መክፈቻ ደብተር ሊገዙ ተቀጣጥረዋል። ኡርጂ አባቷ ስንዴውን የረጨበት መርጫ ውስጥ ውሃ ጨመረች፣ ግራ ቀኝ ናጠችው፣ ደፋችው፣ ሰቀለችው። ኦሞውን አልነካችውም። አባቷ ማታ ማጠቧን ሲጠይቃት አዎ አለችው፤ አጥባዋለችና ውሸት አልመሰላትም ነበር። የዛሬው «አዎ» ግን ሌላ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎች ከስንዴው ጥግ ካለው ግራር ሥር ተቀመጡ። ኡርጂ ለአባቷ ጋቢውን ልታደርስ ሄዳ ከኋላ ቆማ ሰማች። የአገሩ ወግ የታወቀ ነው፤ ምስክር የሌለው ነገር በመሐላ ያልቃል። የማለ ሰው ነጻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ነገሩን አያነሳበትም። ኦቦ ጉዲና የሽማግሌዎቹ ታላቅ ናቸው፤ ኦቦ አብዱልሃኪምን የረጩት መድኃኒት ወደ ወይኑ አልወረደም ብለው ይማሉና በሰላም እንለያይ አሏቸው።

ኦቦ አብዱልሃኪም ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«ረጭቻለሁ» አሉ። «ነፋስ የሌለ መስሎኝ ነው የረጨሁት። ከእጄ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሄደ ግን አላህ ነው የሚያውቀው። በማላውቀው አልምልም።»

ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ቃል ተናግሮ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር፤ ያምኑትም ነበር። እሳቸው እውነት ስለተናገሩ ጥፋተኛ ሆኑ። እስከ ቅዳሜ ካልማሉ ለአጨዳቸው ደቦ የሚወጣ ሰው እንደማይኖር ተነገራቸው። ማሳቸው ኮምባይነር የማይቆምበት ተዳፋት ነው። ያን ሁሉ ስንዴ እሳቸው፣ ሚስታቸውና ዙሀይራ ብቻቸውን በማጭድ ሊያጭዱት ነው ማለት ነው።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዙሀይራ ግማሽ መንገድ ላይ ኡርጂን ክንዷን ይዛ አስቆመቻት።

«‹አቦ፣ ማልና ይለፍ› አልኩት አባቴን» አለች። «ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ምናልባት እኔ ነኝ› አለኝ። ኡርጂዬ፣ አባቴ እኔ ነኝ ብሎ ማመን ጀምሯል። የናንተን ወይን እያየ ምግብ አይወርድለትም። አንቺ ግን እሱ ይመስልሻል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች ኡርጂ። ካለችው በኋላ ራሷን ጠላች።

ያን ሌሊት ነገሩን በየት በኩል ብትይዘው መውጫ አጣችለት። ብትናገር ወይኑ አይነሳም። አባቷ በሰው ሁሉ ፊት «ልጄ ሦስቴ አጥባዋለች» ብሏል፤ የአሥራ አንድ ቤት ወይን በገዛ እጁ እንዳቃጠለ ሊሰማ ነው። ይኸው ወይኑ ከተጨማደደ ጀምሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማለዳ ይወጣል፣ የደረቀውን ቀንበጥ እየነካካ ይውላል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ይህ ሰው ሌላ ሸክም ይችላል? ዝም ብትል ደግሞ የዙሀይራ አባት አለ። ፈራች፤ በሕይወቷ እንደዚህ ፈርታ አታውቅም። ይቅርታ ብትልስ? ማን ይቅር ይላታል፣ ለምንስ ብሎ? የሚጠብቃት በጎ ነገር አልታያትም። በበጎ ነገር ተስፋ ማድረጉን ራሱ ተወችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ወንዶቹ ግራሩ ሥር መሰብሰብ ሲጀምሩ፣ ኡርጂ ወንዝ ዳር ወዳለችው የማኅበሩ ጎጆ ወረደች። መርጫው ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ባዶውን ጀርባዋ ላይ አዘለችው። ከቋጥኙ ጀርባ ካሉት አምስት ግንዶች አንድ ሰፊ ቅጠል ቀጠፈችና መውጣት ጀመረች።

አንደኛው እርከን፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። የመርጫው ቱቦ በየእርምጃው ጭኗን ይመታታል። በግራ በቀኝ የተጨማደደው ቅጠል ረግፎ እግሯ ሥር ይንኮሻኮሻል። ከእነዚህ ግንዶች ብዙዎቹን ከአባቷ ጋር የተከለቻቸው እሷ ናት፤ እሱ ሲቆፍር እሷ ችግኙን ቀጥ አድርጋ ትይዝለት ነበር። አሥራ ሁለተኛው ላይ ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። ወደ ታች አየች፤ መመለስ ትችላለች፣ ማንም አላያትም። ማንገቻውን አጥብቃ ቀጠለች።

አፋፉ ላይ ስትወጣ ኦቦ ጉዲና እየተናገሩ ነበር፤ ሲያዩዋት አቋረጡ። ኦቦ አብዱልሃኪም ከሰው ገለል ብለው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አባቷ ልጅ ምን ሊሠራ እዚህ መጣ ብሎ ሊቆጣ ከመቀመጫው ተነሳ። ከዚያ ጀርባዋ ላይ ያለውን መርጫ አየ። እጇ ላይ ያለውን ጤነኛ ቅጠል አየ።

ኡርጂ መርጫውን አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችው፤ ቅጠሉን ላዩ ላይ አደረገች። ስትወጣ ያዘጋጀችው ቃል ለሽማግሌዎቹ ነበር። ዓይኗ ግን ከአባቷ ላይ አልነሳም አለ።

«አባ» አለች፣ «አንዴ ብቻ ነው ያጠብኩት።»