የማብሪያው ሽቦ

ፒንሳ የሚለውን ስም ያወጡላት የጥገና ሱቁ ሰዎች ናቸው። ቀጭን ናት፤ የያዘችውን ግን ሞታም አትለቅም። አምስት ዓመት ኮምፒውተር ስትጠግን እጇ ላይ የተበላሸ ዕቃ የለም ይባልላት ነበር። እንግዲህ ይህን የመሰለ ስም ይዛ ነው በገዛ እጇ ጉድ የሠራችው።

አስጠኚው ወደ ሱቁ የመጣው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የሰው ቤት እየዞረ ሒሳብ የሚያስጠና፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ወጣት ነው። በአንድ እጁ ጎኑ የተጨረመተ ኮምፒውተር፣ በሌላው ባዶ አሮጌ ኬዝ አንጠልጥሏል። ኮምፒውተሩ ከጠረጴዛ ወድቆ ማብሪያ ቁልፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ የሆድ ዕቃው በሙሉ ወደ ሌላው ኬዝ ይዛወርልኝ አለ። ባለሱቁ ነገ ይምጡ ሊለው አፉን ሲከፍት ፒንሳ ቀደመችና አሁኑኑ እሠራዋለሁ፣ ቁጭ ይበል አለች። ባለሱቁ ዞር ብሎ አያት። ለማንም ደንበኛ እንዲህ ብላ አታውቅም።

ዋናውን ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱን፣ ፈታ አዛወረች፣ ዲስኩን አሰረች፣ ብሎኖቹን አጠበቀች። የቀሩት ከኬዙ ፊት የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ነበሩ፤ የማብሪያው፣ እንደገና የማስነሻው፣ የሁለቱ ትንንሽ መብራቶች። እነዚህ የሚሰኩት ማዘርቦርዱ ጥግ ላይ፣ የጥፍር ያህል ቦታ ውስጥ በተጠጋጉ ፒኖች ላይ ነው። ጠጋኝ ሁሉ ሥራውን የሚረግመው እዚህ ጋ ሲደርስ ነው። የዚህኛው ኬዝ ደግሞ ይባስ ብሎ በየሽቦው ጫፍ ላይ የሚጻፈው ስም ተፍቋል።

አስጠኚው ጎንበስ ብሎ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን ይለያል ብሎ ጠየቃት። አንዷን ሽቦ ያዝና ከጫፏ ጀምረህ ተከተላት፣ እስከ ቁልፉ ድረስ ትወስድሃለች አለችው። ያዘ። በጣቱ እየዳሰሰ ተከተለ፤ እሷም ከወዲያ በኩል ጎንበስ ብላ ታሳየዋለች። ቁልፉ ጋ ሲደርሱ ፊቱ ፊቷ አጠገብ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ሁለቱም ሽቦውን ረሱት። ባለሱቁ ጉሮሮውን ጠረገ።

ኮምፒውተሩ በራ። ሰውየው ሊያመሰግን ነው፣ አመስግኖም ሊሄድ ነው። በደንብ የተሠራ ዕቃ ይዞ የሚመለስ ደንበኛ የት አለ? ፒንሳ የኬዙን ጎን ልትዘጋ ስትል የአንዷን መብራት ሽቦ ነቀለችና ገልብጣ ሰካችው። የመብራት ሽቦ ተገልብጦ ሲሰካ መብራቱ አይበራም እንጂ ዕቃውን አይጎዳም።

በሦስተኛው ቀን መጣ፤ መብራቷ አትበራም አለ። እሷም ዓይኗን በጨው አጥባ፣ ይገርማል አለችው። ያችን አስተካክላ የሌላይቱን መብራት ገለበጠች። በሳምንቱ እንደገና መጣ። ያን ቀን ሻይ አብረው ጠጡ፣ ስለ እህቱ ነገራት፣ የተማሪዎቹን ነገር እያነሳ አሳቃት። ችግሩ መብራት አለቀባት። እንደገና የማስነሻውን ማንም ስለማይጫነው የቀረላት የማብሪያው ሽቦ ብቻ ነበር። እሱን ሳብ አድርጋ በጫፉ ብቻ እንዲይዝ አደረገችው፤ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ይቆይ ይሆናል ብላ ገመተች።

እሱ ግን በሁለተኛው ቀን ከች አለ፤ ኮምፒውተር አልያዘም።

«ዛሬ የተበላሸ ነገር የለኝም» አላት። «እንዲሁ ባዶ እጄን ብመጣ ታስተናግጂኛለሽ?»

ከዚያ በኋላ ማን ሽቦ ያስታውሳል? ከሥራ ስትወጣ ፌርማታው ጋ ቆሞ ይጠብቃታል፤ አውቶቡሱ ይመጣል፣ ያልፋል፣ ሌላ ይመጣል፣ እነሱ ከቆሙበት አይነቃነቁም። አንዳንዴ አተኩሮ ያያታል፤ ምን ታያለህ ስትለው፣ የማስጠናውን ልጅ ስህተት ፈልጌ እንዳጣሁ ዓይነት ነው የሚሰማኝ ይላታል። ትወደው ነበር። ሰው እንዲህ ይወደዳል ወይ እስክትል ትወደው ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት የሽቦውን ነገር ብትነግረው ስቀው ያልፉት ነበር። ወር ሲሞላ አሳፈራት። በሦስተኛው ወር ደግሞ፣ እስከ ዛሬ ለምን ደበቅሽኝ ቢለኝስ እያለች ምላሷን ትውጣለች። ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄዳ ሽቦውን በድብቅ ልትጫነው ሞከረች፤ እሱ ከአጠገቧ አይጠፋ። ኮምፒውተሩም ከቦታው አይነቃነቅ ነበርና ሽቦው ባለበት ቆየ።

በዚህ መሐል እናቷ የሁለቱን ነገር ሰማች። እናቷ አንድ የብሎኬት ነጋዴ ለልጇ ባል እንዲሆን አስባ ጨርሳለች፤ የሰው ቤት እየዞረ ሳንቲም ለሚለቅም አስጠኚ ደጇን ልትከፍት አይደለም። ፒንሳ ለምና፣ አልቅሳ፣ ምግብ ትታ በስንት መከራ በአንድ ነገር አስማማቻት። አንድ ትልቅ የመድን ድርጅት በዓመት አንዴ በፈተና ሠራተኛ ይቀጥራል። አስጠኚው ካለፈ ይውሰዳት፤ ከወደቀ ፒንሳ ለነጋዴው እሺ ትላለች። ፒንሳ ለዚህ ቃሏን ሰጠች። አስጠኚው በሒሳብ እንደማይወድቅ እንኳን እሷ ጎረቤትም ያውቃል።

ፈተናው በኢንተርኔት ነው፤ አስቀድሞ በተመዘገበ ኮምፒውተር ካልሆነ አይከፈትም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይጀምራል፤ እስከ አራት ከሩብ ያልገባ ተዘጋበት። የአስጠኚው ጎረቤት ብረት በያጅ ነው፤ የሱ ጩኸት ባለበት መፈተን ስለማይቻል በዚያን ዕለት ማለዳ ኮምፒውተሩን በታክሲ ጭኖ እህቱ ቤት ወሰደው።

ሦስት ተኩል ላይ ስልኳ ጮኸ።

«እምቢ አለኝ» አላት። «ቁልፉን ብጫነው ብጫነው ዝም ነው። ልክፈተውና ያስተማርሽኝን ልሞክር እንዴ?»

ፒንሳ ምን እንደሆነ ወዲያው አውቃለች። ጎኑን ክፈተው፣ ጥግ ላይ ያለችውን ሽቦ በጣትህ ጫን አድርጋት፤ ይኼው ነበር የሚያስፈልገው። ግን ከከፈተው ያያል። ሽቦ ሲሰካ እስከ መጨረሻው እንደሚገባ ያስተማረችው ራሷ ናት፤ በጫፉ ብቻ ተንጠልጥሎ ካገኘው ይህን ማን እንዲህ ተወው ማለቱ አይቀርም።

«እንዳትነካው» አለችው። «መጣሁ።»

ከሱቁ እስከ እህቱ ቤት ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ነው። ያን ቀን መንገዱ በቆመ መኪና ተዘግቶ ነበር። አራት ሰዓት ሲሆን ታክሲው ውስጥ ናት። አራት ከአምስት ላይ ወርዳ መሮጥ ጀመረች። ደውላ ልትነግረው ስልኳን አወጣች፤ እደርሳለሁ፣ እደርሳለሁ ብላ መልሳ ከተተችው። እየሮጠች ታለቅስ ነበር።

አራት ከሃያ ላይ ገባች። አስጠኚው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ተንበርክካ የኮምፒውተሩን ጎን ከፈተች፤ በጀርባዋ ጋርዳ ሽቦውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ኮምፒውተሩ በራ። ፈተናው ተዘግቷል የሚል ጽሑፍ መጣ።

እሱ አልጮኸም። ታክሲ ውስጥ በደንብ አልያዝኩትም፣ ተንገጫግጮብኛል፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለ። ላቧን በመዳፉ ጠረገላት፤ ለኔ ብለሽ ይህን ሁሉ መንገድ ሮጥሽ አላት። ፒንሳ ደረቱ ላይ ተለጥፋ ዝም አለች። ክፉ ዝምታ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እህቱን አስከትሎ እናቷ ቤት መጣ፤ አንድ ዓመት ይታገሡኝ፣ በድጋሚ እፈተናለሁ ሊል። እናቷ አስጨርሳው ሳቀች።

«ኮምፒውተር ይዞ ታክሲ ውስጥ መቀመጥ ያቃተው ሰው» አለች፣ «ልጄን ይዞ የት ሊደርስ ነው?»

አስጠኚው አንገቱን ደፋ። እውነትዎን ነው አለ። ይህን ስትሰማ ፒንሳ አንጀቷ አልቻለም።

«እሱ አላጠፋም» አለች። «ሽቦውን ያላላሁት እኔ ነኝ። ተመልሶ እንዲመጣልኝ ብዬ ነው።»

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የተገለበጡትን መብራቶች፣ በጫፉ የተተወውን ሽቦ፣ ስንት ጊዜ ልትናገር ፈልጋ እንደተወችው። አስጠኚው ቀና ብሎ አያትና ቀስ በቀስ ፈገግታ ፊቱ ላይ መጣ። መብራቶቹንም አንቺ ነሽ እንዴ አላት፤ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ፒንሳ በልቧ ይቅር ሊለኝ ነው አለች።

ከዚያ ፈገግታው ቆመ። የሒሳብ ሰው ነው፤ አንድ ነገር መደመር ጀምሯል።

«ስደውልልሽ ምን እንደሆነ አውቀሻል?»

«አውቄ ነበር።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ሦስት ተኩል።»

ሌላ አልጠየቃትም። እናቷን ደኅና ይዋሉ ብሎ ተነሳ። ፒንሳ እስከ በሩ ተከትላው ወጣች፤ እጅጌውን ያዘች። እሱ ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ሳያሳምማት አስለቀቃት።

«እኔ እኮ» አላት፣ «ፈተናው ቢያመልጠኝም እሷ አለችኝ ብዬ ነበር የተጽናናሁት።»

እህቱ ቀድማ ወጥታ መንገድ ላይ ትጠብቀው ነበርና ሄደ። ፒንሳ ልትጠራው ፈለገች፤ ብትጠራውም ምን ትለዋለች? ከጀርባዋ፣ ቤት ውስጥ፣ እናቷ ስልክ እያናገረች ነበር። የብሎኬት ነጋዴውን ደኅንነት በደስታ ትጠይቃለች። ልጄ እሺ ብላለች ትለዋለች።