ሠላሳ አራት ቁጥር አልተነሣም

«እንለዋወጥ?»

ሰማያዊ ቆብ ያደረገው ሰው ወረቀቱን ዘረጋላት። ቶርዲስ የራሷን ሰጥታ የእሱን ተቀበለች። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። የሃምሳ ኪሎ ሜትሩ የበረዶ ላይ ስኪ ውድድር ቀን በሆልመንኮለን ጫካ የማይተዋወቅ ሰው ሁሉ የተወዳዳሪዎችን ዝርዝር ይለዋወጣል። እያንዳንዱ ከቆመበት ኩርባ ላይ የያዘውን ሰዓት በእርሳስ ይጽፋል፤ ከዚያ ክርክር ነው። ለሰላይ ከዚህ የተሻለ ሽፋን ከየት ይመጣል!

ሰውየው ሕዝቡ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

እሳቱን ከበው ቋሊማ የሚጠብሱት ሰዎች «ሊቭ» ነው የሚሏት። የድራመን ከተማ መድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት ብለው ያምናሉ። ስድስት ዓመት በየመጋቢቱ አብራቸው ቆማለች፤ ቋሊማቸውን በልታለች፤ ልጆቻቸውን በስም ታውቃለች። በመሥሪያ ቤቷ ግን መጠሪያዋ «ጓንት» ነው። የአለቃዋ ደግሞ «አጎት»።

ከትራኩ ማዶ ኢንድሬክ ቆሟል። ለሶቪየት ቡድን ስኪ ላይ ሰም የሚቀባ ኢስቶኒያዊ ነው። ሁለት ዓመት ምስጢር ሲያቀብላት ኖሮ ዛሬ አገሩን ከድቶ ወደ እነሷ ሊገባ ነው። የመጨረሻው ተወዳዳሪ እንዳለፈ ሕዝቡ ገመዱን አልፎ ትራኩን ይሞላዋል። ያኔ ይሻገራል፤ ሹራብ ታለብሰውና ወደ መኪናው ትወስደዋለች። መኪናው የት እንደቆመ፣ መንገዱም ንጹሕ መሆኑን የሚነግራት ይህ ወረቀት ነው። ላይኛው ኩርባ ላይ የተመደበው ባልደረባዋ አርቬ ሰዓት የያዘ መስሎ ጽፎ በባለ ሰማያዊ ቆቡ መልእክተኛ የሚልከው።

ከኢንድሬክ ኋላ ሁለት ግራጫ ቆቦች፣ የሶቪየት ቡድን ጠባቂዎች፣ ቆመዋል። ከሠላሳ ሺህ ሰው መሀል የማይጮኹት እነሱ ብቻ ናቸው።

ቶርዲስ ቁጥሮቹን አነበበች። የሰሜኑ መኪና ማቆሚያ። መንገዱ ንጹሕ ነው።

«እስቲ ወዲህ በይው!» አለ ጉድብራንድ። ጡረተኛ ፖስተኛ ነው፤ አርባ ዓመት በዚህ ኩርባ ሰዓት ሲይዝ የኖረ። ትራንዚስተር ሬዲዮው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ወረቀቱን ነጥቋት በመነጽሩ ሥር አየና ከት ብሎ ሳቀ።

«ይሄን ማነው የጻፈው ባክሽ?»

«አንድ ሰውዬ ነው አባባ። ላይኛው ኩርባ ነበርኩ አለኝ።»

«ነበርኩ አለ? ዐይን አውጣ! ሠላሳ አራት ቁጥር እኮ ትኩሳት ይዞት ጭራሽ ከመነሻው መስመር አልተነሣም። ሬዲዮው ሁለቴ ተናግሯል! እዚህ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ተጽፎለታል። ይሄ ቀጣፊ ማታ ወጥ ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው የጻፈው።»

በእሳቱ ዙሪያ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ቶርዲስም አብራ ሳቀች። ወረቀቱን ግን መልሳ ወስዳ ሠላሳ አራትን ፈለገች።

አርቬ ሚስቱ ምጥ ተይዛ እያለች እንኳ የመጨረሻው ተወዳዳሪ ሳያልፍ ከኩርባው ንቅንቅ ያላለ ሰው ነው። እሱ ላልተነሣ ሰው ሰዓት አይጽፍም። ይህን ወረቀት አርቬ አልነካውም። የቁጥሮቹን ፍቺ የሚያውቁት ደግሞ ሦስት ሰዎች ናቸው። አርቬ፣ እሷ፣ እና...

አጎት።

የሰሜኑ ማቆሚያ ላይ ያለው መኪና የእኛ አይደለም።

ቀዩን ቆቧን ከራሷ ላይ አወረደች። አትምጣ ማለት ነው።

ኢንድሬክ አያት። ጆሮዋ በብርዱ እየተቃጠለ ጠበቀችው። ራሱን በዝግታ ነቀነቀ። እንቢ፣ እመጣለሁ።

«ሰባ ሁለት መጣ! የመጨረሻው!» ጮኸ ጉድብራንድ። ሰዓቱን መዳፏ ውስጥ ጨመረላት። «ያዥልኝ፣ እጄ ደንዝዟል!»

አንድ ግሪካዊ ዳገቱን እየተንፏቀቀ ወጣ። ከአንደኛው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ጫካው ለአሸናፊው እንኳ እንዲህ አልጮኸም። «ሃይያ! ሃይያ! አይዞህ!» አሮጊቶች ሳይቀሩ የድስት ክዳን እየደበደቡ አጀቡት። አለፈ። ቶርዲስ የሰዓቱን ቁልፍ ተጫነች። ገመዱ ተበጠሰ፤ ሕዝቡም ትራኩን ሞላው።

ከግፊያው መሀል ኢንድሬክ ፊት ለፊቷ ብቅ አለ። ትንሽ የሰም ቆርቆሮ ኪሷ ውስጥ ገባ።

«ቆቤን አላየህም?»

«አየሁት። ነገ አገሬ ከሚጠብቀኝ አይብስም። የአጎትሽ ስም እዚህ ውስጥ ነው፤ የእነሱ ሰው ነው። ለሱ እንዳትሰጪው።»

«ሩጥ!»

«ወዴት?»

ግራጫዎቹ ቆቦች ደረሱ። ግራና ቀኝ ክንዱን ያዙት።

ኢንድሬክ ጮኸ። በገዛ ቋንቋው፣ ባለ በሌለ ኃይሉ፣ እንደሚታረድ ሰው ጮኸ።

«ሰማችሁ? የሶቪየቱም ሰውዬ አጀበ!» አለ አንዱ በደስታ።

«ጎበዝ! ሃይያ!»

«ሃይያ! ሃይያ!»

ጀርባውን እየመቱ አሞገሱት። አንዲት ሴት ባንዲራ አስጨበጠችው። እሱ ሲጮኽ እነሱም ጮኹ፤ ሲብስበት ባሰባቸው። ደግ ሕዝብ ነው፤ ማንንም ሳያጅብ አያሳልፍም። እየዘፈኑ መንገድ ከፈቱላቸው።

ቶርዲስ «አድኑት» ብላ ብትጮኽ ቆርቆሮው ይያዛል፤ ዝም ብትል ደግሞ ዝም ያለችው እሷ ብቻ ትሆናለች።

«ሃይያ!» አለች። ጉሮሮዋ እስኪደርቅ።

ጉድብራንድ ሰዓቱን ከእጇ ወስዶ ጆሮውን ሬዲዮው ላይ ደቀነ። ከዚያ ፊቱ በራ።

«አንዲት ሰከንድ አልሳትሽም! እንዲህ ነው እንጂ! በይ የሚመጣው ዓመት እዚሁ።»

«እሺ አባባ። እዚሁ» አለችው። እንደማትመጣ እያወቀች። ስድስት ዓመት ያበላት ሽማግሌ ነውና ጉንጩን ሳመችው።

ቀዩን ቆብ እሳቱ ውስጥ ጥላ ከሰዉ ጋር ወደ ባቡሩ ወረደች። ነገ ቆርቆሮውን ለአጎት የበላይ ታስረክባለች። አጎት «በጤና ምክንያት» ጡረታ ይወጣል፤ አበባም ያበረክቱለታል። ቅሌት እንዳይሆን ነገሩ ይዳፈናል። ኢንድሬክ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ይህን ሥራ የምታውቀው ዛሬ አይደለም።

ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። አጠገቧ የተቀመጠች፣ ጉንጯ በብርድ የቀላ ሴት ፈገግ አለችላት።

«እንዴት ያለ ቀን ነበር! አንቺ የት ኩርባ ነበርሽ?»

«እኔ?» አለች ቶርዲስ። ድምፅዋ በጩኸት ተዘግቷል። «አልነበርኩም። ከሥራ ነው የምመለሰው።»