ጉም ሁለቴ ይጣራል

አንኮበር ላይ ጉም ሲወርድ ሰው ስሙ ሲጠራ ቢሰማም ዝም ይላል። ሔራን ይህን ሳታውቅ ነው ከደብረ ብርሃን የወረደችው። ተወልዳ ያደገችው ሐዋሳ ነው፤ እዚያ ሰው ከጠራህ አቤት ትላለህ፣ ካልፈለግህም እንዳልሰማ ትሆናለህ፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ሥራዋ ኬብል መምረጥ ነበር። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር፣ ለጤና ጣቢያውና ለትምህርት ቤቱ ፈጣን ኢንተርኔት የሚያደርስ የፋይበር መስመር ሊዘረጋ ነው። በምሰሶ ይሂድ ወይስ በመሬት ውስጥ፣ ስንት የመስታወት ክር የያዘ ይሁን የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት። መንገዱን እንዲያሳያት የተመደበላት የአገሩ ልጅ ፍሥሐ ይባላል። ክር ገጣጣሚ ነው፤ በሰንበት ደግሞ በአባቱ ደብር በድቁና ያገለግላል።

በመጀመሪያው ቀን ገደሉ አፋፍ ላይ ሳሉ ጉሙ ድንገት መጣና ፍሥሐን ከፊቷ ሰወረው።

«ፍሥሐ» አለች።

መልስ የለም።

«ፍሥሐ።»

አሁንም የለም። ሦስተኛውን ጮክ ብላ ጠራችው።

«አቤት» አለ። እጇን ብትዘረጋ የምትነካው ያህል ቅርብ ቆሞ ነበር።

«እዚሁ ሆነህ ነው ዝም ያልከኝ?»

«ይቅርታ ኢንጂነር። እዚህ አገር ጉም ውስጥ ሦስቴ ካልተጠሩ አቤት አይባልም። ጉሙም ይጣራል ይባላል። ግን ሁለቴ ብቻ ነው፤ ሦስተኛውን አይችልም።»

«አቤት ያለውስ ምን ይሆናል?»

«ወደ ድምፁ ይሄዳል» አለና በአገጩ ወደ ገደሉ አመለከታት።

ልትስቅ ፈልጋ ነበር። ከእግሯ ሥር አንድ ጠጠር ተንከባሎ ወረደ፤ ሲያርፍ ግን አልተሰማም። ክንዱን ያዘች። መኪናው ጋ እስኪደርሱ አልለቀቀችውም፣ እሱም ልቀቂኝ አላለም።

አለቃዋ አቶ ሀብታሙ ባለ አሥራ ሁለት ክሩን ኬብል በምሰሶ ዘርግታችሁ ተገላገሉ ባይ ነበር። ሔራን ደግሞ ሳታይ የማታምን ሴት ናት። ከፍሥሐ ጋር ሆነው የየዓይነቱን ኬብል ቁራጭ አንዳንዱን በምሰሶ ሰቀሉ፣ ሌላውን ገብስ ማሳ ዳር ቀበሩ። በተሰቀለው ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሲወዛወዙበት ሰነበቱ። ከተቀበሩት ውስጥ ባለ ፕላስቲኩን ፍልፈል ከርክሞ ክሮቹን አውጥቷቸዋል። የብረት ልባስ ያለው ላይ ግን የጥርስ ምልክት ብቻ ተገኘበት።

«ፍልፈሉ መርጦልናል» አለች ጭቃውን እየጠረገች።

«ስንት ክር ይሁን የሚለውን ግን አልነገረሽም።» ያኔ «ኢንጂነር» ማለቱን ትቶ ነበር።

«ሃያ አራት። በሁለት ቱቦ። አሥራ ሁለቱ ለምናውቀው ሥራ።»

«የቀሩትስ?»

«ለማናውቀው። ኬብል አንዴ ከተቀበረ ክር አይጨመርበትም። ዛሬ ትርፍ ካላኖርን ነገ መሬቱን እንደ አዲስ መቆፈር ነው።»

«እናቴም በሕይወት ሳለች ገበታ ስታቀርብ እንዲሁ ነበረች። ለማይታወቅ እንግዳ ብላ ድርሻ ታስቀር ነበር።»

«እንግዳው ይመጣል?»

«አንዳንዴ።»

ቀና ብሎ አያት፤ ቶሎም ዓይኑን አልመለሰም። ሔራን ወደደችው። እዚያው ማሳው ዳር፣ ፍልፈል የበላውን ኬብል እንደያዘች ወደደችው።

አቶ ሀብታሙ ተስማማ፤ ቆፋሪዎች መጡ፣ ኬብሉም ይቀበር ጀመር። ገደሉ ወገብ ላይ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ ብዕር በምታህል ቀይ መብራት ይነጋገሩ ጀመር፤ እሱ ክሮቹ ከሚገጣጠሙበት ጉድጓድ፣ እሷ የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ካለው የመሣሪያ ክፍል። እሱ መብራቱን በክሩ አንድ ጫፍ ሲያበራ በሌላኛው ጫፍ ቀይ ነጥብ ይታያታል። ሦስቴ ብልጭ ካለ «አለሁ» ማለት ነው። ሦስት ይሁን ያለው እሱ ነው።

«ሁለት ብቻ ካየሽ እኔ አይደለሁም» አላት፤ ሲላትም አልሳቀም።

እያደር ሥራ ሳይኖርም ሦስቴ ያበራላት ጀመር። እሷም ሦስቴ ትመልሳለች።

የፍሥሐ አባት ቄስ ወልደአረጋይ ግን ደነባ ከተማ ላለ ካህን ቃል ሰጥተው ኖሯል። ልጃቸው የካህኑን ልጅ በቁርባን አግብቶ፣ ቅስና ተቀብሎ ደብሩን ሊረከባቸው ነው። ሔራን ይህን የሰማችው ከቆፋሪዎቹ ወሬ ነው።

«እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ቃሉ የአባቴ ነው።»

«ያንተስ?»

ፍሥሐ ዝም አለ። የዚያን ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ለዝምታው የሚያሳብበው ጉም እንኳን አልነበረውም።

«ሦስቴ ልጠይቅህ እንዴ?» አለችና መልሱን ሳትጠብቅ ሄደች። በማግስቱ አለቃዋን አዲስ አበባ አዛውረኝ ብላ ለመነችው። ሥራው ሲያልቅ ትሄጃለሽ ተባለች።

በመጨረሻው ቀን የቀረው ትርፎቹን ክሮች መገጣጠም ብቻ ነበር። ፍሥሐ ጠዋት የክሮቹ ጫፍ የታሸገበትን ሳጥን ሊከፍት ወደ ጉድጓዱ ወረደ። ሔራን የክሮቹን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ምልክቱን ትጠብቃለች። ዝናብ ጣለ፣ አባራ፣ ከዚያ ጉሙ ከገደሉ ወጣና መስኮቱን ነጭ አደረገው። ፍሥሐ አላበራም።

በሩ ተንኳኳ። ጋቢያቸው በካፊያ የራሰ ቄስ ወልደአረጋይ ነበሩ። መስቀል አሳለሟትና ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ትሄጃለሽ አሉኝ።»

«አዎ አባቴ።»

«እሱም ትናንት አፉን ከፈተ። ደነባ አልሄድም፣ የምወዳት ሔራንን ነው አለኝ። ዛሬ ሊነግርሽ ነው። እኔ ደግሞ ቀድሜ ልለምንሽ መጣሁ። እባክሽ ተዪልኝ።»

ደስታውም ልመናውም አንድ ላይ ነው የመጣባት።

የዚያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የአንዷ ትርፍ ክር ጫፍ ቀላች። ጠፋች። ደግማ ቀላች። ጠፋች።

ሦስተኛውን ጠበቁ። አልመጣም።

«ምልክታችሁ ስንት ነው?» አሉ ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሦስት።»

አማተቡ። «እንግዲያ እንዳትመልሺ። ልጄ አይደለም።»

«እሱ ካልሆነ እሱ የት ነው?»

ሔራን ፈርታለች። ቢሆንም ወደ ክሯ ጎንበስ ብላ «አቤት» አለችና ሮጣ ወጣች። ቄሱ ከኋላዋ ስሟን ሲጠሩ አልቆመችም። ቆፋሪዎቹን አስነሥታ ጉሙ ውስጥ ገባች።

አፈሩ ተንዶ ጉድጓዱን ሞልቶታል። ፍሥሐ እስከ ደረቱ ተቀብሮ፣ ራሱን ስቶ፣ በጭንቅ ይተነፍሳል። አካፋው እንዳይጎዳው በእጃቸው ቆፍረው አወጡት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲነቃ ሔራን አጠገቡ ነበረች፣ አባቱ ራስጌው ቆመዋል።

«ሁለቱን አየሁልህ» አለችው። «ሦስተኛው አቃተህ?»

ፍሥሐ ግራ ገባው። «እኔ አላበራሁም። አፈሩ ሲመታኝ መብራቷ ከእጄ አምልጣ ገደል ገባች። ሳጥኑንም ዝናቡ እስኪያባራ ብዬ ገና አልከፈትኩትም።»

ሔራን ቆፋሪዎቹ ከአፈሩ ያወጡትን ሳጥን አስታወሰች። እንደታሸገ ነበር።

ቄስ ወልደአረጋይ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ዕድሜዬን ሁሉ ሰውን ለሁለት ጥሪ አቤት አትበሉ ስል ኖርኩ» አሉ። «ዛሬ ብትሰማኝ ኖሮ ልጄን እቀብረው ነበር። ደነባ እኔው ሄጄ ይቅርታ እለምናለሁ። ቃሉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ማፍረሱም የኔ ነው።»

አዛውንቱ ሲወጡ ፍሥሐ «ሔራን» አለ። ዝም አለችው። «ሔራን» አለ ደግሞ። እንባዋን እየጠረገች ጠበቀችው።

«ሔራን።»

«አቤት» አለች።

ዛሬ ተጋብተው የሚኖሩት ጎረቤላ ነው። ከትርፎቹ ክሮች አብዛኞቹ ሥራ አግኝተዋል። ያቺን ሁለቴ የቀላችውን ግን ሔራን ለማንም አትሰጥም። የማን ናት ሲሏት የእንግዳ ናት ትላለች። ጉም በወረደ ቀን የክሯ ጫፍ ሁለት ጊዜ ቀልታ ትጠፋለች። ፍሥሐ ያማትባል። ሔራን መጀመሪያ ባሏ አጠገቧ መኖሩን በእጇ ዳስሳ ታረጋግጣለች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ «አቤት» ትላለች።